ከላሊበላ ተነሥቶ 77 ላይ የወደቀው ክር

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ የለጠፈው ደሴ ላይ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ልጆቹ ስብከት ሲረዝምባቸው ስልካቸውን ይጎረጉራሉ፤ ከሚያውቁት ኑሮና ከገዛ አገራቸው ታሪክ የተቀዳ ነገር ሲሰሙ ግን ቀና ይላሉ። ስለዚህ ከቤትም ይሁን ከገበያ፣ ከታሪክም ይሁን ከጎረቤት፣ ከወሎ ምድር ለእምነት ትምህርት የሚሆን ነገር ያላችሁ እስቲ ወዲህ በሉ አለ። እዚህ ላይ ቢያቆም ክሩ፣ ማለትም ከፖስቱ ሥር የተከተለው የምላሽ ሰንሰለት፣ በምርቃት ተጀምሮ በምርቃት ያልቅ ነበር። እሱ ግን ለናሙና ያህል ብሎ ሁለት የራሱን ምሳሌ ጨመረ።

አንደኛው ላሊበላ ነው። ሌላው ሕንፃ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተጨመረ ይሠራል፣ የላሊበላ ግን ከላይ ወደ ታች እየተቀነሰ ነው የተሠራው፤ ሰውም ትርፉን ሲያስወግድ ነው ቤተ መቅደስ የሚሆነው ይላል። ጥሩ ነው፣ ልጅ ይይዘዋል። ሁለተኛው የ66ና የ77 ረሀብ ነው። ሕዝቡ እግዚአብሔርን ስለረሳ የመጣ ተግሣጽ ነበር፣ ልጆቹ ይህን አውቀው ይደጉ የሚል። አንድ መስመር ተኩል ብትሆን ነው። ለረጅም ጊዜ ማንም አልነካትም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምላሾች ምርቃት ናቸው፣ እንዝለላቸው። 4ኛው ላሊበላ ላይ አስጎብኚ ነኝ ያለ ሰው ነው፤ ትሕትናው ለጉድ ነው፣ ግን እርማት ይዞ ነው የመጣው። 11ዱም አብያተ ክርስቲያናት ከላይ ወደ ታች አልተፈለፈሉም አለ። ቤተ አባ ሊባኖስን ውሰዱ፤ አራቱም ጎኑ ከአለቱ ተላቋል፣ ጣሪያው ግን እስከዛሬ ከአለቱ ጋር እንደተያያዘ ነው፣ ያ የተሠራው ከጎን ተገብቶ ነው። ልጆቹ አንድ ቀን ለጉብኝት መጥተው መምህራችን እንዲህ ብሎን ነበር ቢሉ እኔ ነኝ የማፍረው ብሎ ቀለደ። ቀጥሎ ያለው ነገር ከእርማቱ ይበልጣል። ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ የሚቆም ሰው ሁሉ ጣሪያው ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹትን ሦስት መስቀሎች ያያል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ይሄዳል። እግሩ ሥር ያለውን ቦይ ግን የሚያይ የለም። 12 ሜትር ገደማ ወደታች የተቆፈረ ጉድጓድ የሐምሌ ዝናብ ሲመጣ ገንዳ ነው የሚሆነው። ጠራቢዎቹ ይህን ያውቁ ነበርና ውኃው የሚሄድበትን መንገድ ከአለቱ ጋር አብረው አበጁ። ስለ መስቀሉ ያስተማረ ሰው ስለ ቦዩም ያስተምር፣ ጸሎት የሚያደርስ ሰው የክረምቱንም ያስባል አለ። ከክሩ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመልሼ ያነበብኩት ይህንን ነው።

5ኛው ተቆጣ። መላእክት የሠሩትን ቤት ስለ ፍሳሽ እያወሩ የመሐንዲስ ሥራ ማድረግ ቅዱሱን ማሳነስ ነው ብሎ ከረር አለ። 6ኛዋ መለሰችለት፣ በጣም በጨዋ ቋንቋ፣ ግን ጫፏ ሹል ነበረች። እኛው የምንተርከው ትውፊት ራሱ ቀን ቀን ሰው ይጠርብ ነበር፣ ሌሊት መላእክት ያግዙ ነበር ነው የሚለው፤ የሌሊቱን ፈረቃ የወሰደብን የለም፣ የቀኑን ፈረቃ ግን ለምን እንደብቃለን አለች። 5ኛው ሰውዬ ከዚያ በኋላ አልታየም።

ሐይቅ እስጢፋኖስን ያነሣው 7ኛው ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ሐይቁ ላይ ተቀምጠው ደቀ መዛሙርት ያስተምሩ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ነው የተማሩት። አገር ምድሩ ተክለ ሃይማኖትን ያውቃል፣ መምህራቸውን ስንቱ ያውቃል ብሎ ጠየቀ፣ ይህን ለልጆቹ ንገራቸው፣ አንተም መምህር ስለሆንክ ይጠቅምሃል አለው። ቆንጆ ነበር። 8ኛዋ ግን ገዳሙ ሴት አያስገባም፣ እኔ ተወልጄ ባደግሁበት አገር ከማዶ ሆኜ ነው ያየሁት፣ ለሴት ልጆቹ ከዚህ ምን ትምህርት ታወጣላቸዋለህ ብላ ጣደችው። ሦስት ሰው ሊመልስላት ሞከረ። አንዱም የረባ አልመለሰም።

ከዚያ ወሬው ወደ ቤት ገባ። 11ኛዋ ኮምቦልቻ የምትኖር ሴት ናት፣ ታሪክ አላውቅም፣ የማውቀው ቅሬ (የሰፈራችን የቀብር ዕድር) ነው ብላ ጀመረች። አባቷ ያረፉ ጊዜ ድንኳኑን የተከሉት፣ መቃብሩን የቆፈሩት፣ ሌሊቱን አብረው ያደሩት የሰፈሩ እስላምም ክርስቲያንም ናቸው፤ የቅሬው ዳኛ ሐጂ ነበሩ። ይህ ለወሎ ሰው ወሬ አይደለም፣ እሷም እንደ ወሬ አላወራችውም። የተረከችው የተዝካሩን ዕለት ነው። ለሙስሊም ጎረቤቶች የሚሆነውን በግ ከእነሱው አንዱ ባርኮ አረደው፣ ምጣዱም ድስቱም ጭልፋውም ለብቻ ሆነ። እናቷ ደግሞ ግርግሩ ውስጥ ሰው እንዳይሳሳት ብለው የእስላሙ ድስት እጀታ ላይ ቀይ ክር አሰሩ። ሐዘንተኛ ናቸው፣ ዓይናቸው አብጧል፣ ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ ግን በየመሀሉ እየተነሡ ክሯ መኖሯን ያያሉ። አንዲት ልጅ የክርስቲያኑን ጭልፋ እዚያ ድስት ውስጥ ልትከት ስትል እጇን ያዟትና ጭልፋው ይቅር አሏት። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለውን ቃል እኔ የተማርኩት ከዚያች ክር ነው ብላ ጨረሰች። ክሩ ውስጥ ብዙ ላይክ ያገኘው ይህ ነው፣ ይገባዋልም።

14ኛው ግን አልጣመውም። ይህ ባህል ነው እንጂ እምነት አይደለም፣ የክርስትና ትምህርት ከመጽሐፍ ነው የሚወጣው፣ ከድስት አይደለም፣ እንዲህ እያልን ነው ልጆቻችን ሁሉም አንድ ነው እያሉ የቀሩብን አለ። እውነቱን ለመናገር ሰውዬው ሙሉ በሙሉ ከንቱ አልተናገረም። አንዳንዱ ሰው ወሎ ሲባል ወዲያው መቻቻል ብሎ ይጀምርና ማን ምን እንደሚያምን እንኳ ሳይጠይቅ ይውላል። ግን 11ኛዋ ስትመልስለት አልተማረረችም፤ የእናቴ ክር ሁሉም አንድ ነው አላለችም፣ አንድ ቢሆንማ ድስቱ ለምን ይለያል ብላ ጠየቀችው። 15ኛው የደጉን ሳምራዊ ታሪክ አንሥቶ ጌታ ራሱ ስለ ባልንጀራ ሲጠየቅ ከሌላ ወገን የሆነን ሰው ነው ምሳሌ ያደረገው አለ።

16ኛው ሙስሊም ነው፣ ሹፌር ነኝ ይላል፣ ምን አግኝቶት እዚህ እንደገባ እንጃ። ሰላም ብሎ ጀመረ። እኛም መውሊድ ላይ እንጨት የሚፈልጡልን ክርስቲያን ጎረቤቶች አሉን፣ ወላሂ ድስቱን ለእኛ ተዉልንና እናንተ ስለ ሌላው ተከራከሩ አለ። ሳቅ በሳቅ ሆነ። ለአንድ አፍታ ነገሩ ሁሉ የቡና ላይ ጨዋታ መሰለ፤ አንዱ በረካ ሳይጠጣ የሚነሣ እንግዳ በእናቱ ቤት እንዴት እንደሚታይ ተረከ፣ ሌላው የጤፍ ዋጋ አማረረ፣ ሌላዋ ጤፉን ትታ ስለ ዘይት ገባች።

17ኛው ሳቁን ቆረጠው። ታሪክ ካላችሁ ቦሩ ሜዳንም ንገሯቸው አለ። ከደሴ ብዙም አይርቅም። በ1870 አፄ ዮሐንስ ጉባኤ ጠርተው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረው የሃይማኖት ክርክር ተቆረጠ፣ ከዚያ ጋር ደግሞ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ትእዛዝ ወጣ፤ መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባሉ፣ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እሳቸው ናቸው። ጥምቀት በአዋጅ ምን ዓይነት ትምህርት ነው ብሎ ጠየቀ፣ አጠያየቁም የሚያስደስት አልነበረም። 18ኛው ጉባኤው የተዋሕዶን ትምህርት ያጸና ጉባኤ ነው፣ ከዘመኑ ፖለቲካ ጋር አታምታው ብሎ ተሟገተ። ሁለቱ አራት አምስት ዙር ተመላለሱ፤ ከዙር ዙር ቃላቸው እየከፋ ሄደ፣ አንዱ የሌላውን አያት እስከ ማንሣት ደረሰ፣ እሱን አልዘረዝርም። በመሀል የገባው 21ኛው ግን ሁለቱም ያላሰቡትን አነሣ። ያው ቦሩ ሜዳ ላይ በኋላ ሆስፒታል ተሠርቶ ለብዙ ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይታከሙበት ነበር። ሰው ሁሉ የሸሻቸው፣ ዘመድ ያወጣቸው ሰዎች ቁስላቸው የታጠበው እዚያ ነው። በአንድ ሜዳ ላይ አንዱ ሰውን በትእዛዝ ወደ እምነት ሊያስገባ ሞከረ፣ አንዱ ደግሞ ቁስል አጠበ፤ ለልጆቹ ሁለቱንም ተርክላቸውና የትኛው ወንጌል እንደሚመስል ራሳቸው ይናገሩ አለ። ይህን እንኳ ማንም አልመለሰበትም።

ስለ መቅደላ የተጻፈው 23ኛው ነው፣ ረጅም ነው፣ ነጠላ ሰረዝ የሚባል አያውቅም። አፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻዎቹን ቀናት ያሳለፉት በሕማማት ነው አለ። በ1860 ጸሎተ ሐሙስ ዕለት እስረኞች ከገደል ተወረወሩ፤ በማግስቱ ሚያዝያ 3፣ ስቅለት፣ አሮጌ በሚባለው ቦታ ላይ ጦርነቱ ሆነ፤ በትንሣኤ ዕለት ለእንግሊዙ ጦር አዛዥ ከብት ላኩ፤ ሚያዝያ 6፣ ማዕዶት ሰኞ፣ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበት ሐሙስ ላይ ሰው ከገደል የሚወረውር ንጉሥ በሕማማት ውስጥ ቆሞ ሕማማትን አላያትም ነው የሚለው። ነገሩ ይከብዳል። 24ኛው ለአገሩ ክብር የሞተን ጀግና እንዲህ መዝለፍ ምን ይባላል ብሎ ጮኸ። 25ኛው ራስን ማጥፋት በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምን እንደሆነ ሊያስረዳ ሲል 26ኛው የሞተ ሰው ላይ አትፍረድ አለው፣ እዚያ ላይ አወያዩ ገብቶ ሁለት ኮሜንት አነሣ። የ2014ን ጦርነት ለማንሣት እጁን ሲያሟሽ የነበረ የአንድ ሰው ኮሜንትም አብሮ ተነሣ። ጥሩ አደረገ።

ግሸንን ያመጣው 28ኛው ለማብረድ ብሎ ይመስለኛል። መስከረም 21 ስንወጣ የምናስበው ግማደ መስቀሉን ነው፣ አምባው ግን ድሮ የነገሥታት ልጆች የሚታሰሩበት ነበር አለ። ዘርዓ ያዕቆብም ከመንገሣቸው በፊት እዚያው ታስረው ኖረዋል። በትውፊታችን መስቀሉን እዚያ ያስቀመጡትም እሳቸው ናቸው። ሰው የታሰረበትን ቦታ ሲነግሥ ይረሳዋል፣ ወይም ያፈርሰዋል፤ እሳቸው ከሁሉ የከበረውን ነገር ወስደው እዚያ አኖሩት። ከዮሴፍ ታሪክ ጋር አንድ ላይ አስተምረው አለው። መምህሩ እዚህ ላይ ብቅ ብሎ አመሰገነ፣ ይህን ለፊታችን እሑድ ይዤዋለሁ አለ።

31ኛው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ ልጃቸው እየጻፈላቸው እንደሆነ ይናገራሉ። ክሩን ከታች ወደ ላይ ሲያነቡ ቆይተው የመጀመሪያው ፖስት ላይ የደረሱት ገና አሁን ነው። በ77 ኮረም ነበሩ። ኮረም ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ነው። የአራት ዓመት እህታቸውን አዝለው ነው ከቆላ የወጡት። ከረሀቡ ይልቅ የከፋው የኮረም ብርድ ነበር አሉ፤ ሌሊቱን ጎን ለጎን ተጣብቀው ያድራሉ፣ ጠዋት ሰው ሲነሣ የማይነሣም አለ። ልጅቷ ስትሞት አልለቀሱም፣ እንባም ጉልበት ይፈልጋል። ከዚያ መምህሩን በስሙ ሳይሆን ልጄ ብለው ጠሩትና የአራት ዓመት ልጅ እግዚአብሔርን እንዴት ብላ እንደረሳች ንገረኝ አሉት። ሌላ አልጨመሩም።

ሰው ሁሉ ዝም ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። ዝም አላለም። 32ኛው በኤልያስ ዘመንም በአክዓብ ኃጢአት ዝናብ ቆሟል ብሎ ጥቅስ ደረደረ። ጥቅሱ ልክ ነው፣ ማንም ሐሰት አላለውም። ግን ለማን ነው የምትመልሰው? 33ኛው ክፉ ሰዎች በዚያ ዘመን ነበሩ፣ ሁሉም ተቀጣ የሚል ነገር ጽፎ ወዲያው አጠፋው፤ ያየው አይቶታል።

34ኛው ቄስ ናቸው፣ ወልድያ አካባቢ። የእሳቸው ምላሽ ረጋ ያለ ነው፣ ግን ከሁሉ ጠንክሮ የመታው እሱ ነው። የኢዮብ ወዳጆች መጀመሪያ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእሱ ጋር መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ፣ እስከዚያ ድረስ ጎሽ የሚያሰኙ ሰዎች ነበሩ አሉ። ክፉው የጀመረው አፋቸውን ከፍተው ምክንያት ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። የተናገሩት ሁሉ ስብከት ይመስላል፣ በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በኢዮብ ሳይሆን በእነሱ ነው። ቀጥለው ሉቃስ 13ን አነሡ፤ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌላው የባሱ ኃጢአተኞች አልነበሩም፣ ጌታ ይህን የተናገረው ሰሚዎቹ ወደ ራሳቸው እንዲመለከቱ ነው እንጂ የሟቾቹን ጥፋት እንዲቆጥሩ አይደለም። ከመከራ ትምህርት ማውጣት ይቻላል፣ ግን የራስህ መከራ ከሆነ ነው፤ የሌላውን ሰው ቀብር መድረክ አድርገህ አትስበክበት አሉ። እኔም ክሩን ሳነብ ያስቸገረኝ ይኸው ነበር። የላሊበላው ቦይ፣ ቀይዋ ክር፣ የግሸኑ እስር ቤት፣ ሁሉም ተናጋሪው ራሱን የሚጠይቅበት ነው። የ77ቷ አንድ መስመር ተኩል ብቻ ናት ጣቷን ሌላ ሰው ላይ የቀሰረችው።

36ኛው ቄሱ ያልነኩትን ነካ። ድርቅ ከሰማይ ቢሆንም ረሀቡ ግን የሰው እጅ አለበት አለ። በ66ቱ ረሀብ የወሎ ሕዝብ ሲረግፍ መንግሥት ደብቆት ነበር፤ በ77 ደግሞ ጦርነቱ ነበር፣ መስከረም ላይ አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድግስና በሰልፍ ሲያከብር ኮረም ላይ ሰው እየሞተ ነበር፤ ዓለም በቴሌቪዥን ያየው ጥቅምት ላይ ነው። ከታሪክ ትምህርት የምትፈልግ ከሆነ ዮሴፍን ውሰድ፤ ዮሴፍ ለፈርዖን ሕዝቡ ለምን እንደሚቀጣ አላብራራለትም፣ ጎተራ ሥራ ነው ያለው። ንግግሩ ሹል ነበር፣ ትንሽም ስድብ ነበረበት። ግን ሰውዬው ያለው ልክ ነው።

መምህሩ ለሁለት ቀን ጠፋ። ሲመለስ ያችን መስመር ከፖስቱ ላይ እንዳነሣት ጻፈ፣ አልተከራከረም፣ ረጅም ይቅርታም አልደረደረም። አባባ ብሎ ሽማግሌውን ጠራቸውና ታዲያ ስለ 77 ለልጆቹ ምን ልበላቸው፣ ዝም ብል ይሻላል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። 41ኛው የእሳቸው መልስ ነው። ለምን እንደመጣ አትንገራቸው፣ ሰው ምን እንዳደረገ ንገራቸው አሉ። እሳቸው እህታቸውን አዝለው ሲወጡ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ አንዲት የማያውቋት ሴት የራሷን ሕፃን በደረቷ ታቅፋ ልጅቷን በጀርባዋ አዝላ ግማሹን መንገድ ሄደችላቸው። ስሟን አልጠየቋትም። ኮረም ሲደርሱ በሰው መሀል ጠፋችባቸው። ሃይማኖቷን እንኳ አላውቅም፣ በልብሷ እንዳልለያት ልብስ አልነበራትም አሉ። እሷን አስተምራቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝርክርክ ነው። አንዱ አሜን አለ፣ አንዱ ክሩን ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ላትመው ወይ ብሎ ፈቃድ ጠየቀ፣ 8ኛዋ ሴት የሐይቁ ጥያቄዬስ ብላ ድጋሚ መጣች፣ አሁንም መልስ አላገኘችም። 45ኛው ለግሸን ዘንድሮ እናቴን ይዤ ልወጣ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ መንገዱ ጭቃ ነው ይላሉ፣ ምን ይሻለኛል አለ። በዋዜማው ሂድ የሚልና ከሦስት ቀን በፊት ካልሄድክ ማደሪያ አታገኝም የሚል ተነሣ፣ ምርኩዝ፣ ወፍራም ጋቢና ባትሪ አትርሳ የሚልም ነበረ። 16ኛው ሹፌር ተመልሶ መጣ፤ በየዓመቱ ምዕመናን ያመላልሳል፣ ዘንድሮም መኪናው ዝግጁ ነው፣ እናትየዋን ገቢና አስቀምጣታለሁ አለ። ወዲያው ሒሳቡ ስንት ነው ብሎ የጠየቀው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ ትምህርት ከድስት አይወጣም ያለው 14ኛው ሰውዬ። ለአራት ሰው ቦታ ያዝልኝ አለው። ሹፌሩ ዋጋው በውስጥ መስመር ነው አለ፣ 14ኛው ደግሞ እዚሁ ተናገር፣ ሁላችንም እንስማ ብሎ ሙግት ጀምሯል።